ዝገት ያልነካው መላጊያ

ሽማግሌው አናጺ የተገኙት በፍቅር ሲሰበስቡት በኖሩት ብረት ሥር ተቀብረው ነው። በግቢው ጥግ ባለችው የሥራ ክፍላቸው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ረጅም መደርደሪያ ከነጓዙ ተገልብጦ፣ መዶሻው፣ መጋዙ፣ መሮው፣ ሞረዱ ሁሉ በላያቸው ወርዷል። ከዚያ ሁሉ መዓት ውስጥ ቀኝ እጃቸው ብቻ ወጥቶ ይታያል።

መርማሪዋ ስትደርስ ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። በመሥሪያ ቤቷ በስሟ የሚጠራት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ሌላው «ለምን» ይላታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ «ማን?» ሲል እሷ «ለምን?» እያለች አለቆቿን አሰልችታለች። አሁንም በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ጥግ በጥግ ሳታይ እግሯን አላስገባችም።

«አደጋ ነው ብዬ ልዘጋው ነበር» አለ ሃምሳ አለቃው ላቡን እየጠረገ። ሰውነቱ ከባድ፣ ፍርዱ ፈጣን ሰው ነው። «ኋላ ግን የልጁ ነገር መጣ።»

«የምን ልጅ?»

«የሟቹ ልጅ። ከቤት ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ግድም ዓይኑ ፍም መስሎ ከዚህ ግቢ ሲወጣ ጎረቤት አይቶታል። ከተከራየበት ክፍል ይዘነዋል።»

«ለምን ነበር ከቤት የወጣው?»

«በዚህ ነዋ!» ሃምሳ አለቃው በአገጩ የሥራ ጠረጴዛውን አመለከተ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ መላጊያ በጎኑ ተጋድሟል። ክንድ የሚያህል፣ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ መሐሉ ላይ ሰፊ ምላጭ የተሸጎጠበት፣ አናጺ ሳንቃ የሚያለሰልስበት ዕቃ ነው። እጀታው ከብዙ ዘመን ጭበጣ የተነሳ ጎድጉዷል።

«የአያትየው ነው» አለ ሃምሳ አለቃው። «ልጁ በጎረምሳነቱ ክፉ ቀን ቢመጣበት ሰርቆ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሸጠው። አባት አባረሩትና ከዚያ ወዲህ መላጊያውን በየገበያው ሲፈልጉ ኖሩ። ዛሬ ልጁ ከየትም አግኝቶት ይዞ መጣ። ነገርን ነገር አነሳው። ገፈተራቸው፤ ኋላም ደንግጦ መደርደሪያውን ጣለባቸው። አለቀ።»

«ለዕርቅ ይዞ መጥቶ ለምን ይገድላል?»

«እሱን ራሱን ይጠይቁት፣ ኢንስፔክተር።»

መርማሪዋ ተንበርክካ ከወለሉ ላይ አንድ መዶሻ አነሳች። የወደቀው ደም ላይ ነው፤ ደሙ ላይ ያረፈው የመዶሻው ጎን ግን ንጹሕ ነው። ሌላ አነሳች፤ እሱም ንጹሕ ነው። መደርደሪያው የወደቀው ደሙ ረግቶ ከደረቀ በኋላ ነው ማለት ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው፣ ከሬሳው ጋር፣ ብዙ ቆይቷል።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ዞረች። እዚያ ሞርሳው ታስሯል፤ የሚሠራበትን ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ ከባድ የብረት መንጋጋ። ሽማግሌው በክፍሉ ያለውን ብረት ሁሉ ሰምና የተልባ ዘይት አቅልጠው ያሹት ነበር፤ ቆርቆሮው ከነጨርቁ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ብረቱ ሁሉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ክፍሉም ተልባ ተልባ ይሸታል። የሞርሳው አንድ ጠርዝ ግን፣ ሦስት ጣት በሚያህል ቦታ ላይ፣ ያብረቀርቃል። ነካችው፤ ዘይት ነው። አሸተተችው፤ ተልባ አይደለም።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይህን ማን ዘይት ቀባው?»

«ኢንስፔክተር፣ ሰው ሞቶ ሳለ ስለ ዘይት?»

«እኮ» አለች። «ሰው ሞቶ ሳለ ለምን ዘይት?»

እሑድ ጠዋት ሐኪሙ በአጭሩ ነገራት። የገደላቸው ከማጅራታቸው ከፍ ብሎ ያለው ቁስል ነው፤ ወደ ኋላ ወድቀው ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ብረት መቷቸዋል። ከመደርደሪያው የወረደው ዕቃ ያደረሰው ቁስል አልደማም።

«ወዲያው ነው የሞቱት?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «አይመስለኝም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተዋል። ሰው ቢደርስላቸው ኖሮ…» ብሎ ተወው።

ከዚያ ወደ ባልቴቷ ሄደች። ቅዳሜ እህታቸው ዘንድ ውለው ሲመለሱ ባላቸውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ሥር መጋዝ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ መሰርሰሪያ፣ በሬድዮው ጎን የሞረድ ክምር አለ።

«ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ። ከመቀመጥሽ በፊት ግን ትራሱን አንስተሽ እዪ፤ መሮ አይጠፋም» አሉ። ሊስቁ ብለው ሳቁ እንባ ሆነባቸው። «አርባ ሁለት ዓመት አብሬው ኖርኩ። የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ግን የተኛሁት ከዝገት ጋር ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከጓደኛው ከልብስ ሰፊው ጋር አሮጌ ዕቃ ተራ ይወርዳሉ። ሰው የጣለውን ተሸክሞ ይመጣና ይፍቃል፣ ይስላል፣ አዲስ እጀታ ይሠራለታል። ‹ይሄ ገና አልሞተም› ይለኛል። ሰፈሩ ‹ጋሼ ዝገት› አለው፤ እሱም ስሙን ወደደው።»

«የሚፈልጉት ግን የአባታቸውን መላጊያ ነበር?»

«ልጁን ያባረረበትን፣ አዎን። ቢያገኘው ልጁንም የሚያገኘው ይመስለው ነበር። ‹ልጁ እኮ አልጠፋም፣ ጥራው› እለዋለሁ፤ ማን ሰምቶ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እግሩን ከታመመ እንኳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቅዳሜ ሲሆን ግን ማን ያስቀረዋል!»

«መላጊያው ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። እርስዎ ነክተውታል?»

ባልቴቷ ቀና አሉ። «በጎኑ? እሱ እኮ መላጊያ በጎኑ ተጋድሞ ካየ እህል አይቀምስም። ‹መላጊያ የሚተኛው በሆዱ ነው› ይላል፣ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፎ። እኔማ ምን በወጣኝ እነካለሁ!»

መርማሪዋ ልትነሳ ስትል ባልቴቷ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ አንዱን ነገ እቀብራለሁ። ሁለተኛውን በቁሙ አታስቀብሪኝ። ግን እሱ ከሆነም ንገሪኝ። በጥርጣሬ ዓይን እያየሁት እህል ላቀርብለት አልችልም።»

መርማሪዋ ቃል መግባት አትወድም። «እነግርዎታለሁ» አለች፤ ደረጃውን ስትወርድ ግን ያንን ቃሏን እንደ ድንጋይ ተሸክማው ነበር።

ልጁ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሰፋፊ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«መላጊያውን ከየት አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም! ባዶ እጄን ነው የሄድኩት። ይኼን ለሃምሳ አለቃው መቶ ጊዜ ነገርኩት።»

«አባትህ ሲያዩህ ምን አሉ?»

«ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ኋላ ‹ከሳህ› አለኝ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ልቅሶ ሆንን። ልወጣ ስል ‹ነገ ምሳ ና፤ ለእናትህ እኔው እነግራታለሁ› አለኝ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ማን ያምነኛል? የሰማው ሰው እሱ ብቻ ነው።»

«እንደምትሄድ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም። ጠዋት ብቻ ልብስ ሰፊው ቤት ሄጄ ‹አባባ፣ አማልዱኝ› ብያቸው ነበር፤ ከልጅነቴ ያውቁኛል። ‹መላጊያውን ባገኘው ኖሮ ይዤለት እገባ ነበር› ስላቸው እንባቸው መጣ። ጉልበቴን አሞኛል፣ ብቻህን ሂድ አሉኝ።»

መርማሪዋ ከኪሷ አንዲት ትንሽ መሮ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ከብርጭቆዋ ውሃ ጠብ አደረገችባት። «ይቺ ያንተ ብትሆን አሁን ምን ታደርጋታለህ?»

ግራ ገባው። «ጠርጌ አስቀምጣታለሁ። ሌላ ምን ይደረጋል?»

ጠረጋትና መለሰላት። ማታ ቤቷ ገብታ መሮዋን ስታያት፣ ውሃው የነካው ቦታ ቀይ ሆኖ ነበር።

ሰኞ አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ጋ ወረደች። በተቀደደ ጃንጥላ ሥር፣ በብረት ክምር መካከል ተቀምጦ አገኘችው፤ ምላሱ ከሸቀጡ ሁሉ የሰላ ሰው ነው።

«ጋሼ ዝገት ባለፈው ሳምንት ሰው ፊት ‹አጭበርባሪ› ብለውኝ ነበር። እሱን ሰምተው ከሆነ የመጡት፣ እውነት ነው» አለ ገና ሳትጠይቀው።

«ለምን አሉህ?»

«ስለሆንኩ ነዋ! አዲስ መጋዝ ጨው ውሃ ውስጥ ሦስት ቀን ዘፍዝፌ ‹የድሮ ነው› ብዬ ሸጥኩላቸው። በማግስቱ ይዘውት መጡ። ቀምሰውት እኮ ነው! ‹ይሄ ዝገት ጨው ጨው ይላል› አሉኝ።» ሳቀና ሳቁን ቶሎ ዋጠው። «እንዲያ ያለ ሰው አይገኝም። እኔ ዝገት ሠርቼ እሸጣለሁ፤ እሳቸው ገዝተው ይገድሉታል። በዚህ ነበር የምንኖረው።»

«ቅዳሜ የት ዋልክ?»

«እዚሁ። ጎረቤቶቼን ይጠይቁ። የቀሩትስ እነሱ ናቸው። ሁለቱም አንድ ላይ ሲቀሩ በአሥራ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው።»

«ልጁ ያኔ የሸጠልህን መላጊያ ማን ወሰደው?»

«እመቤቴ፣ በኔ እጅ በቀን ስንት ብረት ያልፋል? በዚያው ሳምንት መሄዱን አውቃለሁ። እኔ የማስታውሰው ዕቃውን ነው፤ ሰውን አላስታውስም።»

ጎረቤቶቹን ጠየቀች። ቅዳሜ ነጋዴው ከቦታው አልተነቃነቀም።

ልብስ ሰፊው ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ክፍላቸው ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ የስፌት መኪናው በመስኮቱ በኩል የቆመበት ነው። በግድግዳው ዙሪያ የተደረደረው አሮጌ ዕቃ ሁሉ፣ መቀሱም መላጊያውም፣ እያንዳንዱ በልኩ የተሰፋ የጨርቅ ማኅደር አለው፤ ዕቃው ሁሉ በጎን በጎኑ ተጋድሞ ያብለጨልጫል። አንድ ሞላላ ማኅደር ብቻ ባዶውን ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«ይህስ?» አለች መርማሪዋ።

«ወደፊት ለሚመጣ ዕቃ ነው» አሉ። ዓይናቸው አብጧል። «ቅዳሜ ጉልበቴን አሞኝ ቤት ዋልኩ። ብሄድለት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«ልጁ ገድሏቸዋል ይላሉ?»

ልብስ ሰፊው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። እጃቸው ግን ሥራ አልፈታም፤ መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ያኖረችውን የቁልፍ ቀለበት አንስተው፣ ከኮታቸው ኪስ አፈ ሹል የሆነች ትንሽ የዘይት ብልቃጥ አውጥተው፣ የዛገችው ቁልፍ ላይ ጠብ አድርገው በጨርቅ ማሸት ጀምረዋል።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ?» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ እጃቸውን አይተው ደነገጡ። «ውይ፣ ይቅርታ። ልማድ ሆኖብኝ ነው። እርቃኑን የቀረ ብረት ሳይ አያስችለኝም።»

መርማሪዋ ቁልፏን ተቀብላ ወጣች። መንገድ ላይ አሸተተችው። ምንም አይሸትም፤ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ነው። ልቧ ከበዳት፤ ልብስ ሰፊውን ወዳቸው ነበርና።

ማክሰኞ ጠዋት ሁሉንም በሟቹ የሥራ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ባልቴቷ ወንበር ላይ፣ ልጁ በሁለት ፖሊሶች መካከል፣ ነጋዴው በሩ አጠገብ፣ ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ተደግፈው። ሃምሳ አለቃው ዘግይቶ፣ በብብቱ አንድ ጥቅል ይዞ ገባ። መላጊያው አሁንም በጎኑ ተጋድሟል።

«ሽማግሌው የወደቁት እዚህ ነው» አለች ሞርሳውን እያሳየች። «ጭንቅላታቸውን የመታቸው ይህ ጠርዝ ነው። ሐኪሙ የቁስሉን ልክ ከብረቱ ጋር አመሳክሯል፤ በሞርሳው ጠመዝማዛ ጥርስ ውስጥም ደም አግኝተናል። ከላይ ግን ደሙ ተጠርጓል። እስከዚህ ድረስ ማንም ፈሪ የሚያደርገው ነው። ከጠረገ በኋላ ግን ዘይት ቀብቶታል።»

«ደሙን ለማጥፋት ይሆናላ» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ለማጥፋትማ ጠርጎታል። ዘይቱ ለምን? እዚህ ያለነው እያንዳንዳችን እርጥብ ብረት ብናይ የየራሳችንን እናደርጋለን። እናታችን ቢሆኑ በሳሙናና በውሃ ያጥቡታል።»

«በሙቅ ውሃ» አሉ ባልቴቷ፣ ሳያስቡት።

«ነጋዴው ደግሞ ቢዝግ ደስ ይለዋል። ልጁን ፈተንኩት፤ ጠርጎ መለሰልኝ፣ በዚያው ዛገ። የተጠረገ ብረት ካልተቀባ እንደሚዝግ አያውቅም። ይህን ያደረገው፣ በዚያ ሰዓት እንኳ፣ በዚያ መከራ ውስጥ እንኳ፣ እርቃኑን የቀረ ብረት ማየት የማይችል ሰው ነው።»

ነጋዴው ቀስ ብሎ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

«ሁለተኛ፣ መላጊያው። ሟቹ በሆዱ ያስተኙ ነበር። ይህ በጎኑ ነው። ስለዚህ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ በጎኑ ማስተኛት የለመደ እጅ።» ዕቃውን አንስታ ምላጩን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ሦስተኛው ደግሞ ይኸው ነው። ልጁ ሰርቆ ሸጠው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጠፋ። በየገበያው ሲንከባለል ቢቆይ ዝገት በበላው ነበር። ዝገቱ ሰሞኑን ተፍቆ ቢሆን የሞረድ ወይ የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ይታይ ነበር። አንዱም የለም። ይህ ዕቃ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት፣ በየሳምንቱ ዘይት እየተቀባ፣ እንደ ሕፃን ተጠብቆ ኖሯል።»

ሃምሳ አለቃው ጥቅሉን ፈታ። በፍርድ ቤት ፈቃድ ከልብስ ሰፊው ቤት ያመጣው ባዶ ማኅደር ነው። መርማሪዋ መላጊያውን ወደ ውስጥ አስገባችው። የእጀታው ጉብታ በእጀታው፣ የምላጩ ስንጥቅ በምላጩ ላይ ዋለ፤ አንድ ጣት እንኳ አልሰፋም፣ አልጠበበም።

«አባቴ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልኩን የወሰዱት እርስዎ ነዎት።»

ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ታክከው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ዓይናቸው ከማኅደሩ አልተነቀለም።

«የገዛሁት ልመልስለት ነበር። ወንድሜ ይሙት፣ ልመልስለት ነው። ሚስቴ ከሞተች በኋላ ስድስቱን ቀን የማዋራው ያን የስፌት መኪና ነው። በገዛሁት ሳምንት ቅዳሜ እሱ በሬን አንኳኳና ‹ና፣ አብረን እንፈልግ› አለኝ። አንድ ቀን አብሬው ብፈልግ ምን አለበት አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እነግረዋለሁ አልኩ። ከዚያም በሚቀጥለው። ዕቃውን ካገኘ ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

«ቅዳሜ ለምን ወሰዱለት?»

«ይሄ ልጅ መጥቶ ሲያለቅስ አንጀቴ አልቻለማ! ልጁ ከዚህ ሲወጣ ጠብቄ ገባሁና ‹ዛሬ ገበያ አገኘሁልህ› አልኩት። እንዴት ደስ አለው መሰለሽ። ሳመው። ኋላ ምላጩን አውጥቶ አየ። አሸተተው። ፊቱ… ‹አንድ ነጥብ ዝገት የለውም› አለኝ። ‹አሥራ ሁለት ዓመት አብረኸኝ ፈለግህ?› አለኝ። አልጮኸም እኮ! ‹ውጣልኝ። ሁለተኛ በሬን እንዳትረግጥ› አለኝ። ክንዱን ይዤ ለመንኩት። መነጨቀኝ፤ ከእጄ ሲያመልጥ ወደ ኋላ ሄደ።»

ባልቴቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መርማሪዋ አንድ ጥያቄ ቀርቷታል። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ልጠይቅ አልጠይቅ ብላ ያመነታችበት ይህ ብቻ ነበር። «ግማሽ ሰዓት በሕይወት ነበሩ። ሰው ነበር በየቤቱ። ለምን አልተጣሩም?»

«ቢነቃ አይፈልገኝማ» አሉ ልብስ ሰፊው። «እጁን ይዤው ተቀምጬ ነበር። እጁን እስከያዝኩት ድረስ ጓደኛዬ ነበር። ሲቀዘቅዝ ነው መደርደሪያውን የጣልኩት። ዘይቱን መቼ እንደቀባሁ አላውቅም፤ አላስታውስም። መላጊያውን ግን መልሼ ልውሰደው? የእሱ እኮ ነው።»

«እኔን ሲያስሩኝስ፣ አባባ?» አለ ልጁ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ሕፃን ነበር የጠየቀው።

«ነገ እናገራለሁ አልኩ» አሉ ልብስ ሰፊው። «በየቀኑ ነገ እናገራለሁ አልኩ።»

ባልቴቷ ከወንበራቸው ተነሱ። ሁሉም የሚጮኹ መስሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ልብስ ሰፊው ፊት ቆመው ቁልቁል እያዩ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«አሥራ ሁለት ዓመት የቅዳሜ ምሳህን የበላኸው ከእኔ ቤት ነው። ስለዚህ ልንገርህ። መላጊያውን ተስፋ ከቆረጠ አራት ዓመቱ ነበር። እግሩ እምቢ ሲለው ‹በቃ ቅር፣ ምን አስጨነቀህ› ስለው ምን ይለኝ ነበር መሰለህ? ‹እኔ ከቀረሁ እሱ ከማን ጋር ይወጣል?› ይለኝ ነበር። አንተን ብሎ ነበር የሚሄደው። ብትሰጠውም፣ ቅዳሜህን አይወስድብህም ነበር።»

ልብስ ሰፊው ያለቀሱት ፖሊሶቹ ደግፈው ሲያስነሷቸው ነው፤ ነጋዴውም በሩን ከፍቶላቸው እያለቀሰ ነበር። ሃምሳ አለቃው የልጁን ካቴና ፈታና ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ።

መርማሪዋ መላጊያውን ከማኅደሩ አወጣችው። «ለጊዜው በማስረጃነት እንፈልገዋለን» አለች ለባልቴቷ። «ዛሬ ግን እዚሁ ይደር። ነገ እወስደዋለሁ፣ ሲያልቅ መልሼ አመጣዋለሁ።» ለልጁ ሰጠችው።

ልጁ በሁለት እጁ ተቀበለ። መዳፎቹ በጎደጎደው እጀታ ላይ ልክ ገጥመው አረፉ። ጠረጴዛው አጠገብ ሄደ፤ ሊያስቀምጠው አለና እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እማዬ፣ እንዴት ነው የሚቀመጠው?»

ባልቴቷ ከመስኮቱ የባላቸውን ጨርቅ አንስተው ጠረጴዛው ላይ አነጠፉ፣ ጥግና ጥጉን በመዳፋቸው አቀኑት።

«በሆዱ» አሉ።

ልጁ በሆዱ አስተኛው። ባልቴቷም እጁን ይዘው ወደ ቤት አስገቡት፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።